የሌለ ቦታ ማስረጃ

አንድ ቀን፣ ዕለቱ ማክሰኞ ነው፣ ትርንጎ ጓንጉል የአባቷን አፅም ልታፈልስ ከድሬዳዋ ተነስታ፣ ሁለት ቀን ተጉዛ፣ ወይራ አምባ ገባች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወይራ አምባ ወረዳ ዘጠኝ ዓመት ሲለምነው የኖረ መንገድ በመጨረሻ መጣለት። መንገዱ የሚያልፈው እንኮይ በር በሚባል ቦታ፣ በአሮጌው የማርያም ግቢ ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያኑን መብረቅ ካቃጠለው በኋላ ታቦቱ ወደ ላይኛው ጉብታ ወጥቷል፤ ሰዎቹም ታቦቱን ተከትለው ወጥተዋል። ታች የቀሩት ሙታኑ ብቻ ናቸው። እነሱ ደግሞ ስብሰባ ተጠርተው አያውቁም። ስለዚህ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ዘመድ ያለው ከወረዳው ማስረጃ አጽፎ አፅሙን ወደ ላይኛው ማርያም ያፍልስ፣ ማስረጃ ያልቀረበለት መቃብር ዓርብ ጧት ከአፈሩ ጋር ይጠረጋል የሚል።

ትርንጎ አባቷ ሲሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ከአባቷ የቀራት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ስሙና የአገሩ ስም። ጓንጉል ስሻህ፣ እንኮይ በር። የትውልድ ሐረጋቸውን እስከ አሥራ አራተኛ አያታቸው አስጽፈው፣ በመስታወት አስገብተው ሳሎናቸው ውስጥ የሰቀሉ ሰዎች አውቃለሁ። አንዳቸውም ለአባታቸው አፅም ብለው አውቶቡስ አይሳፈሩም። ትርንጎ ግን በሰባ አንድ ዓመቷ፣ በሚያብጥ ጉልበቷ ተሳፈረች። ይህን ያጫወተችኝ ራሷ ናት። ትርንጎ ደግሞ አትዋሽም፤ ለውሸት የሚበቃ ትዕግሥት የላትም።

ወይራ አምባ ላይ የተቀበላት አያ አንዳርጌ ነው። አያ አንዳርጌ ወደ ዘጠና የተጠጋ ሽማግሌ ነው፤ በወጣትነቱ የጓንጉል ጎረቤት ነበር። አፉ ውስጥ አንድም ጥርስ አልቀረለትም፤ ምላሱ ግን ይናከሳል።

«የአባትሽ መቃብር ከወይራዋ ሥር ናት» አላት ገና እንደተሳሳሙ። «ራስጌው ላይ ድንጋዩን ያቆምኩት እኔ ነኝ። አታስቢ። ወረቀቷን ዛሬ እናስጽፍና ነገ እንቆፍራለን።»

ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄዱ። የመዝገብና የወሰን ክፍል ኃላፊው አቶ ስንሻው ይባላል። ሦስት እስክሪብቶ በደረት ኪሱ፣ አንድ በላስቲክ የተለበጠ ካርታ ከጀርባው፣ አንድ ማኅተም ደግሞ በሱሪ ኪሱ ይዞ የሚውል ሰው ነው። ስለ ወሰን ሦስት ቀን ሥልጠና ወስዷል። ከዚያ ወዲህ ምድር እሱን ሳታስፈቅድ የምትዞር አይመስለውም።

ቅጹን አወጣ።

«ሟች የት ነበር የሚኖሩት?»

«እንኮይ በር» አለች ትርንጎ።

ወደ ኮምፒውተሩ ዞሮ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገው። «እንኮይ በር የሚባል ቀበሌ የለም።»

«ቀበሌ መቼ አልኩህ ልጄ? አገሩን ነው የነገርኩህ።»

«እትዬ፣ እዚህ ቅጽ ላይ አገር የሚል ነገር የለም። ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ፣ ጎጥ፣ የቤት ቁጥር ነው የሚለው። በሥርዓቱ እንሂድ። መቼ ነው ያረፉት?»

«በሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት።»

«የቤት ቁጥራቸውስ?»

ትርንጎ አያ አንዳርጌን አየችው። አያ አንዳርጌ ዱላውን ከጉልበቱ ላይ አነሳ።

«ልጄ፣ ያኔ በእኛ ጎጥ ያለነው አራት ቤት ነበርን። ያለ ቁጥርም እንገናኝ ነበር።»

«ቀበሌያቸውስ?»

«ቀበሌ አልነበረም።»

አቶ ስንሻው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «አባቴ፣ ቀበሌ ሳይኖር ሰው እንዴት ይኖራል?»

«ሞተ እያልንህ እኮ ነው» አለ አያ አንዳርጌ።

አቶ ስንሻው አልሳቀም። ተነሥቶ ወደ ካርታው ሄደና እንደ አስተማሪ ጣቱን ቀሰረ።

«እናንተ የቆየውን ብቻ ነው የምታውቁት። እንኮይ በር በጃንሆይ ጊዜ ምክትል ወረዳ ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ‹የትግል ፍሬ ገበሬ ማኅበር› ተባለ። ከዚያ ከጎረቤቱ ጋር ተቀላቅሎ ቀበሌ ዜሮ ሰባት ሆነ። ዜሮ ሰባት ሰፋ ተብሎ ለሁለት ተከፈለ፤ እንኮይ በር ያለበት ግማሹ ዜሮ አሥራ ዘጠኝ ተባለ። ዜሮ አሥራ ዘጠኝ ደግሞ ወደ ጎረቤት ወረዳ፣ ወደ ሰንበሌጥ ተዛወረ። በቃ። የእናንተ እንኮይ በር ተዛውሯል። ሰንበሌጥ ሂዱና ጠይቁ።»

አንድ ወንዝና አንድ ጉብታ በሰባ ዓመት ውስጥ ይህን ሁሉ ስም መቀያየራቸውን ስሰማ፣ ሦስት ባል አግብታ ዕድሜ ልኳን ስትታማ የኖረች አክስቴ ትዝ አለችኝ። እሷ ቢያንስ በየጊዜው ድግስ ነበራት።

አያ አንዳርጌ ግን ገና አልለቀቀም።

«ልጄ፣ ምስክር ከፈለግህ እኔ አለሁልህ። ጓንጉል የእንኮይ በር ሰው መሆኑን በአውጫጭኝ አውቃለሁ።»

አውጫጭኝ ዛሬ የቀረ ነገር ነው። ድሮ ከብት ከተሰረቀ ወይም ሰው ከተገደለ፣ የዚያ አገር ወንድ ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ይታገዳል። የበደለኛው ስም እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። የሌላ አገር ሰው አይታገድም፤ የአገሩ ሰው ደግሞ አይቀርም። ከዚህ የተሻለ የነዋሪ ቆጠራ እኔ በበኩሌ በየትኛውም መጽሐፍ ላይ አላነበብኩም።

«አንዲት በቅሎ ተሰርቃ» አለ አያ አንዳርጌ፣ «እኔና ጓንጉል እንኮይ በር ሜዳ ላይ አራት ቀን ጎን ለጎን ተቀምጠናል። የሌላ አገር ሰው ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ይለቁት ነበር።»

«ሰነድ አለው?»

«የለውም።»

«ታዲያ በምን ይረጋገጣል?»

«በቅሎዋ ብትገኝ ትነግርህ ነበር።»

«በሥርዓቱ አባቴ፣ በሥርዓቱ!» አለና አቶ ስንሻው ቅጹን መልሶ መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

የዚያኑ ዕለት አመሻሽ ላይ እንኮይ በር ወርደው መቃብሩን አዩ፤ ረቡዕ ማለዳ በሚኒባስ ሰንበሌጥ ሄዱ። እዚያ ያገኟት ሴትዮ ትሑት ናት፤ ወንበር ሰጠቻቸው፣ ውሃ አስመጣችላቸው፣ መዝገብ አገላበጠችላቸው። ከዚያ አንገቷን ደፋች።

«ዜሮ አሥራ ዘጠኝ እኛ ጋ ነበር፤ አምና ተመልሶ ወደ እናንተ ተዛውሯል። ግን እትዬ፣ የመለስነው በየመንደሩ ስም እየዘረዘርን ነው። ዝርዝሩ ላይ የገባው ደግሞ ሰው የሚኖርበት መንደር ብቻ ነው። እንኮይ በር አሁን ሰው ስለሌለበት አልገባም።»

«ታዲያ አሁን የማን ነው?» አለች ትርንጎ።

ሴትዮዋ መዝገቡን እንደገና አየችው፤ መዝገቡም ያንኑ መለሰላት። «እኛ ጋ የለም። እነሱ ጋ መኖር አለበት።»

ከሰዓት በኋላ ወይራ አምባ ተመለሱ። አቶ ስንሻው ነገሩን ሰምቶ ደስ አለው። ሰው ሲቸገር ደስ የሚለው ክፉ ሰው ብቻ አይደለም፤ ልክ ነበርኩ ብሎ የሚያስብም ደስ ይለዋል።

«ነገርኳችሁ እኮ! ሲዛወር በዝርዝሩ ላይ ካልገባ፣ እኔ መዝገብ ላይም አይገባም። እኔ መዝገብ ላይ የሌለ ቦታ ደግሞ የለም።»

«ትናንት ሄደን ያየነው ቦታ?»

«የለም።»

«ወይራዋስ?»

«እትዬ፣ ወይራዋ ትኑር። ቦታው ግን የለም።»

ትርንጎ ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ጉልበቷን በሁለት እጇ ያዘች። ሐሙስ አንድ ቀን ብቻ ነው የቀራት።

«አያ አንዳርጌ» አለች በመጨረሻ፣ «እኔ መልኩን እንኳ አላስታውሰውም። ድምፁንም አላስታውሰውም። ያለችኝ ያቺ አገር ናት። እሷም የለችም ከተባለ እኔ ከማን ተወለድኩ ልበል?»

አያ አንዳርጌ አጠገቧ ተቀመጠ። ለመቀመጥ ብዙ ጊዜ ወሰደበት። ድድ በድድ እያኘከ ትንሽ አሰበ።

«ሰውየው ‹ቦታው የለም› አለ አይደል?»

«አዎ፣ ሰምተኸዋል።»

«በአፉ ነው ያለው። በወረቀት አላለም።»

«ቢጽፈውስ ምን ይረባናል?»

«ጧት እናያለን» አለና ተነሥቶ ሄደ። ለመነሣት ግን ጊዜ አልወሰደበትም።

ሐሙስ ጧት ጽሕፈት ቤቱ ሲከፈት አያ አንዳርጌ ባርኔጣውን አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ እንደ ተማሪ በሩ ላይ ቆሟል።

«ልጄ፣ ትናንት አስቸገርንህ። እኛ ያልተማርን ነን፤ ተወው፣ እርሳው። የጓንጉልን ማስረጃ ትተነዋል።»

«ገባዎት በመጨረሻ?»

«እንዴት አይገባኝ! ካርታውን እያሳየህ ካስረዳኸኝ በኋላ ማን የማይገባው አለ? አሁን አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ አድርግልን። ይህች ልጅ የመጣችው ከሩቅ ነው። ወንድሞቿ ‹አባታችንን ሳትፈልጊ መጣሽ› እንዳይሏት ‹እንኮይ በር የሚባል ቦታ በዚህ ወረዳ የለም› ብለህ ጻፍላት።»

አቶ ስንሻው ፊቱ በራ። ብዙ ሰው ማስረጃ ሲጠይቀው ኖሯል፤ ያለ ማስረጃ የተናገረውን በማስረጃ ጻፍልኝ ያለው ግን ይህ ሽማግሌ የመጀመሪያው ነው።

«እሱማ መብታቸው ነው!» አለና ጣቶቹን አፍታታ። ጻፈ። የደብዳቤ ቁጥር ሰጠ። ቀን አኖረ።

«ልጄ፣ እንኮይ በር የሚባል ሌላም ቦታ አይጠፋም» አለ አያ አንዳርጌ በትሕትና። «እንዳይምታታ ድንበሩንም ጨምርበት። በላይ አሮጌው የማርያም ግቢ፣ በታች ግራር ውሃ ወንዝ፣ በቀኝ የድንጋይ ካቡ፣ በግራ ወይራዋ።»

«ጎበዝ! በሥርዓቱ እንዲህ ነው የሚባለው» አለና አቶ ስንሻው ድንበሩን ጨመረ። ‹ከላይ በተጠቀሰው ወሰን ውስጥ የሚገኘው ቦታ በወረዳችን ውስጥ የማይገኝ መሆኑን እናረጋግጣለን› ብሎ ፈረመ። ማኅተሙን ከሱሪ ኪሱ አውጥቶ፣ በአፉ እፍ ብሎበት፣ ወረቀቱ ላይ ደለቀው።

አያ አንዳርጌ ወረቀቱን አጥፎ በጋቢው ሥር ከተተና ትርንጎን አስከትሎ በቀጥታ ወደ መንገድ ሥራው ሄደ።

ኢንጂነር ናሆም ማሽኖቹን ከግቢው አጠገብ አስደርድሮ የነገውን ሥራ እያዘዘ ነበር። ወጣት ነው፤ ወረቀት ሲሰጡት ግን እንደ ሽማግሌ ቀስ ብሎ ያነባል። አንዴ አነበበ። ደገመ። ኮፍያውን አወለቀ። ከመኪናው የራሱን ፕላን አውጥቶ ዘረጋ፤ ወንዙን ከወንዙ፣ ካቡን ከካቡ ጋር አስተያየ።

«አባባ፣ ይህ እኛ የተረከብነው መሬት እኮ ነው!»

«ማን አስረከባችሁ?»

«ወረዳው።»

«ይኸው ወረዳው የለኝም ይላል።»

«የለኝም ያለውን እንዴት አስረከበኝ? እኔስ እስካሁን የማን መሬት ላይ ነው ማሽን ያቆምኩት?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ! እኔ ያልተማርኩ ነኝ። ማኅተሙን ጠይቀው።»

ኢንጂነር ናሆም ማኅተሙን አልጠየቀም። እጁን ወደ ላይ አንሥቶ አወራጨ፤ የማሽኖቹ ሞተር አንድ በአንድ ጠፋ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ወደ ወረዳው አስተዳዳሪ ደወለ። የባለቤትነቱ ነገር እስኪጣራ ሥራው መቆሙን፣ ማሽኖቹም ነገ ወደ ሌላ ወረዳ ሊሄዱ እንደሚችሉ በትሕትና ነገራቸው።

ዘጠኝ ዓመት የተለመነ መንገድ ነው። አስተዳዳሪው የምረቃውን ንግግር እንኳ አስቀድመው አጽፈዋል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ፒካፕ መኪና አቧራውን እያቦነነ ከተፍ አለ። አስተዳዳሪው ወረዱ። ከኋላቸው አቶ ስንሻው ወረደ፤ ከእስክሪብቶዎቹ አንዱ በመንገድ ላይ ወድቋል።

«አንተ ሰውዬ» አሉት አስተዳዳሪው፣ «መንገዱን ልታስቀርብን ነው? ይህ ቦታ የማን ነው?»

«የእኛ ነው ጌታዬ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከ... ከጥንት ጀምሮ።»

«ጻፈው!»

አቶ ስንሻው በመኪናው ኮፈን ላይ ተደፍቶ መጻፍ ጀመረ። ኮፈኑ ይፋጃል፤ ክርኑን እያነሣ እየጣለ ጻፈ። ‹እንኮይ በር ከጥንት ጀምሮ የወረዳችን አካል ሆኖ የኖረ...›

«በግልጽ ይሁን» አለ ኢንጂነር ናሆም። «በላዩ ላይ ምን ምን እንዳለም ይጠቀስ። ሁለተኛ ክርክር አልፈልግም።»

አቶ ስንሻው ቀና ብሎ ዙሪያውን አየ። ቦታውን በዓይኑ ሲያየው ይህ የመጀመሪያው ነበር። ምን እንደሚባል ስላላወቀ አያ አንዳርጌ ከአጠገቡ ቆሞ አጻፈው።

«አሮጌው የማርያም ግቢ በል። ወይራዋ በል። ከወይራዋ ሥር መቃብር። ጎሽ። የእንኮይ በር ነዋሪዎች መቃብር በል።»

ጻፈ፣ ፈረመ፣ ማኅተሙን መታ። ኢንጂነር ናሆም ወረቀቱን አነበበና ራሱን ነቀነቀ። አስተዳዳሪው ላባቸውን ጠረጉ።

ይህን ጊዜ ትርንጎ ወደፊት ራመድ ብላ፣ ማክሰኞ መሳቢያ ውስጥ የገባውን ዓይነት፣ ከጽሕፈት ቤቱ ይዛው የመጣችውን ባዶ ቅጽ በሁለት እጇ ዘረጋችለት።

«ልጄ፣ እስክሪብቶው በእጅህ እያለ ይህችንም ሙላልኝ።»

አቶ ስንሻው ቅጹን አየ፤ ሽማግሌውን አየ፤ በሦስት ቀን ውስጥ የሆነው ሁሉ ያኔ ገባው። ጆሮው ቀላ። ቢሆንም አዋቂ ሰው ነውና በአስተዳዳሪው ፊት እንዲሁ እጁን አልሰጠም።

«እትዬ፣ ቦታው ተገኘ ማለት ሰውየው ተገኘ ማለት አይደለም። ይህ መሬት ምክትል ወረዳ ሆኗል፣ ገበሬ ማኅበር ሆኗል፣ ተቀላቅሏል፣ ተከፍሏል፣ ሰንበሌጥ ደርሶ ተመልሷል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሟች እዚሁ ስለመኖራቸው ምን ማረጋገጫ አለ?»

አያ አንዳርጌ በዱላው ወደ ወይራዋ አመለከተ።

«ልጄ፣ ጓንጉል ስልሳ አምስት ዓመት ሙሉ ከተኛበት አልተነሣም። ስትዛወሩ የኖራችሁት እናንተ ናችሁ።»

መጀመሪያ የሳቁት አስተዳዳሪው ናቸው። ዓርብ ጧት ትርንጎ አባቷን በአዲስ አቡጀዴ ጠቅልላ ላይኛው ማርያም አሳረፈችው፤ ማስረጃው ዛሬም እሷ ዘንድ አለ፣ ‹የቤት ቁጥር› በሚለው ላይ አቶ ስንሻው በገዛ እጁ ‹ነባር ነዋሪ› ብሎ ሞልቶበታል።